ልጆቻችን ፊደሉን ያዜሙታል እንጂ አይጽፉትም

ሳትዋ ውስጥ፣ ከዲሴምበር 2 ጎዳና ጀርባ በሚገኙት ጠባብ መንገዶች፣ ከልብስ ሰፊዎችና ከጨርቅ ነጋዴዎች ሱቆች በላይ ባሉት መኖሪያ ቤቶች የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ይመላለሳል። ጠዋት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ከግራ ወደ ቀኝ ይጽፋል። እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ ዐረብኛን ከቀኝ ወደ ግራ ይማራል፤ ከዐስር ሶላት በኋላም ሙስሐፉን ከፍቶ በኡስታዙ ፊት ይቀራል። አማርኛ ግን በጆሮውና በምላሱ እንጂ በእጁ የለም። አያቱ ከደሴ የድምፅ መልእክት ይልኩለታል፤ እርሱም በድምፅ ይመልስላቸዋል። ጻፍላቸው ሲባል አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ አያቱ ደግሞ ላቲኑን አያነቡም። ልጁ በሁለት ቋንቋ መጻፍ የሚችል፣ በእናቱ ቋንቋ ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሆኖ ያድጋል ማለት ነው።

ይህን የናፍቆት ጉዳይ አድርገው የሚያዩት ጥቂቶች አይደሉም። እንደ እኔ አመለካከት ግን ነገሩ ከናፍቆት ይልቅ ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሀገር አብዛኞቻችን የምንኖረው በሥራ ላይ በተመሠረተ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ቤተሰቡን ማምጣት የሚሻ ሠራተኛ 4,000 ድርሃም፣ ወይም ከመኖሪያ ቤት ጋር 3,000 ድርሃም ደመወዝ ሊኖረው ይገባል። ሥራው ያበቃ ዕለት፣ ወይም ደመወዙ ያነሰ ዕለት፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ጠቅልሎ ይመለሳል። ዱባይ ውስጥ አራተኛ ክፍል የነበረው ልጅ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ሲገባ ሒሳቡም፣ አካባቢ ሳይንሱም፣ ቋንቋውም በአማርኛ ይጠብቀዋል። በስድስተኛና በስምንተኛ ክፍል ደግሞ ፈተና አለ። በቅርብ የማውቀው አንድ ቤተሰብ በተመለሰ ጊዜ፣ እዚህ ከክፍሉ ከቀዳሚዎቹ አንዱ የነበረው ልጃቸው በዕድሜ ሁለት ዓመት ከሚያንሱት ልጆች ጋር እንዲቀመጥ ተደርጓል። ልጁ የቀለም ጉድለት አልነበረበትም። ጥያቄውን ማንበብ ብቻ ነበር ያቃተው።

ለመሆኑ ወላጆች ምንም አላደረጉም ማለት ነው? አድርገዋል። በየቤቱ ብንገባ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ አናጣም። ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣ ነው። ልጁም ሀሁሂሃን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ቆሞ ያዜመዋል፤ ይጨበጨብለታል። ሠላሳ ሦስቱን ረድፍ በሰባት ሰባት፣ ማለትም 231 ፊደላትን፣ ሳይሳሳት ይወጣቸዋል። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ጣታችሁን ከመካከል «ጌ» ላይ አሳርፋችሁ ይህ ማን ነው ብትሉት፣ ከ«ገ» ተነሥቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ እስኪደርስበት ድረስ ትጠብቃላችሁ። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀውም። «ጌታቸው» የሚለውን ስም ጻፍ ሲባል ደግሞ ዜማው ምንም አይረዳውም።

የጥንት መምህራን ይህን ድክመት ያውቁት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ከወጣ በኋላ አቡጊዳ የሚባለውን ይቀበላል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ፊደሉ በሰያፍ ሲሄድ፣ የለመደው ዜማ ይሰበርበታል፤ ዐይኑን ከገበታው ላይ ማንሣት አይችልም። በእኛም ዘንድ ተመሳሳይ ብልሃት አለ። ልጆቻችን በየመስጊዱና በየቤቱ የሚቀሩበት ቃዒደቱ ኑራኒያ አሊፍ፣ ባ፣ ታን በተራ ካስጠራ በኋላ፣ በሚቀጥለው ትምህርት ፊደላቱን ቀላቅሎና አያይዞ ያቀርባቸዋል። እኛ ገበታውን ከሀገር ቤት ስናመጣ አቡጊዳውን ረስተን ቀርተናል። ለአማርኛው ሲሆን ዜማው ይበቃል የምንለው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ ልጆቻችን ያላቸውን፣ እኛ ግን የማንጠቀምበትን ሀብት ማንሣት እፈልጋለሁ። በአዲስ አበባ የሚማር የስድስት ዓመት ልጅ የሌለው፣ የሳትዋው ልጅ ግን ያለው አንድ ነገር አለ፤ ፊደል እንዴት እንደሚሠራ ቀድሞ ያውቃል። ባን ታ የሚያደርጋት የነጥቡ ቦታና ቁጥር መሆኑን ተምሯል። ታዲያ ከ«ተ» ላይ አንድ ሰረዝ ቢጨመር «ቸ» መሆኑን ለእርሱ ማስረዳት ምን ያህል ቀላል ነው! ከ«ሰ» «ሸ»፣ ከ«ነ» «ኘ»፣ ከ«ደ» «ጀ»፣ ከ«ጠ» «ጨ»፣ ከ«ዘ» «ዠ»፣ ከ«ከ» «ኸ» ተወልደዋል። የአማርኛ ጸሐፊዎች በግዕዝ ያልነበሩትን ድምፆች ለመጻፍ የተጠቀሙበት ስልት ይኸው ነው። ይህን የተረዳ ልጅ አርባ ዘጠኝ ፊደላትን በአንድ ሳምንት ያተርፋል። ገበታው ላይ ግን «ተ» እና «ቸ»፣ «ነ» እና «ኘ» ጎን ለጎን መሆናቸውን ልብ እንዲል የሚነግረው የለም።

እንዲሁም ፈትሓን፣ ዶማንና ከስራን ያውቃል። «በ፣ ቡ፣ ቢ» የሚሉትን ከዚያ ተነሥቶ ማስጨበጥ ይቻላል። ልዩነቱ ዐረብኛው ምልክቱን ከፊደሉ በላይ ወይም በታች ሲያስቀምጥ፣ የእኛ ፊደል ራሱ እግር ማውጣቱ ነው። ካዕቡ ከወገቡ በስተቀኝ ጭረት ያወጣል፤ ሳልሱ እግሩ ሥር ይቀጥላል፤ ኃምሱ ቀለበት ያደርጋል። ሉ፣ ቡ፣ ሱ፣ ኩ፤ ሊ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኪ፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ፣ ኬ። ከላይ ወደ ታች ሲነበቡ ሥርዓቱ በግልጽ ይታያል። «ሩ» እና «ፉ» ከሥርዓቱ ያፈነግጣሉ፤ እነርሱን ለብቻ ማስተማር ነው። ገበታን ወደ ጎን ብቻ ማስጠራት ይህን ሥርዓት ከልጁ ይደብቀዋል።

ትልቁ ችግር ያለው ሳድሱ ላይ ነው። ለሙስሊም ልጅ ሳድስን ሱኩን ነው ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። «ልብስ» በሚለው ቃል ውስጥ ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ «ል» አናባቢ አላት፣ «ብ» እና «ስ» የላቸውም። ይህን የሚነግር ምልክት የለም። አንባቢው ቃሉን ቀድሞ በጆሮው ስለሚያውቀው ነው የሚያነበው። «ትምህርት» የሚለው ቃል ራሱ አምስት ፊደላት ሲኖሩት አምስቱም ሳድስ ናቸው! ልጁ በቤት ውስጥ የሚሰማው «ትምርት» ነው፤ ስለዚህ «ህ»ን ይዘላታል። ይህ ስንፍና ወይም ግድየለሽነት አይደለም። የሰማውን በታማኝነት ጽፏል። ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዝ በፊት የአፍና የጽሕፈት አማርኛ የሚለያዩበት ቦታ ይህ መሆኑን ልናሳየው ይገባል።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። በዐረብኛ ሸዳ አለ፤ ፊደሉ ሲጠብቅ ምልክቱ በላዩ ይቀመጣል፤ ልጁም ሸዳን ማለፍ በኡስታዙ ዘንድ ምን እንደሚያስከትል ጠንቅቆ ያውቃል። አማርኛ በተለመደው አጻጻፉ ይህን አያመለክትም። ሳትዋን ለሚያውቅ ሰው ከ«ሰፊ» የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። «ፊ» ከላላች ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ከጠበቀች ጠባብ ያልሆነው ነገር ነው። «የሰፊው ሱቅ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ልጅ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው። «ዋና»፣ «ገና»፣ «አለ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በቤቱ አማርኛን አብዝቶ የማይሰማ ልጅ ፊደሉን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ ንባቡ የተሰበረ ይሆናል። ልጃቸውን በእንግሊዝኛ ብቻ እያናገሩ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለማስጻፍ የሚደክሙ ወላጆች አሉ። ድካማቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ጉድጓዱን ሳይቆፍሩ ውሃ እየጠበቁ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አለመሆኑን ለማየት ወደ አህጉራችን ደቡባዊ ጫፍ እንመልከት። በደቡብ አፍሪካ ሚሊዮኖች የሚናገሩት የኮሳ ቋንቋ በላቲን ፊደል መታተም የጀመረው በ1823 እ.ኤ.አ. በሚሲዮናውያን እጅ ነው። ምላስን በማንጠቅ የሚወጡትን ድምፆች ለመጻፍ በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ የነበራቸውን ሦስት ፊደላት ወሰዱ፤ አንዱን ድምፅ ለመጻፍ አንዳንዴ ሁለትና ሦስት ፊደል ይደረደራል። ቃላቱም ረጃጅም ናቸው፤ ባለቤቱም፣ ተሳቢውም፣ ጊዜውም ከግሱ ጋር ተጣብቀው በአንድ ቃል ይጻፋሉ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የቋንቋው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ደግሞ የቃል ትርጉም እስከ መለወጥ ይደርሳል፤ በጽሕፈት ግን አይመለከትም፤ ልክ እንደ እኛ መጥበቅና መላላት። ልጆቹ እስከ ሦስተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው በአራተኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይዛወሩ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በተደረገው ዓለም አቀፍ የንባብ ምዘና ከሀገሪቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች 81 በመቶው ያነበቡትን መረዳት አልቻሉም። መንግሥትም ከ2025 ጀምሮ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርትን ከሦስተኛ ክፍል በላይ ለማስቀጠል ተነሥቷል። እነርሱ በገዛ ሀገራቸው፣ በገዛ ትምህርት ቤታቸው ይህን ያህል ከተቸገሩ፣ በባዕድ ሀገር በሳምንት አንድ ሰዓት የማይሞላ አማርኛ ምን ያህል በጥንቃቄ መሰጠት እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

አሁን ብዙ ወላጆች ወደሚያማርሩበት ጉዳይ ልለፍ፤ እርሱም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ሦስት «ሀ»፣ ሁለት «ሰ»፣ ሁለት «አ»፣ ሁለት «ጸ» ለምን አስፈለገ? ይቀነሱ የሚለው ክርክር በሀገራችን ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እስካሁንም አልተቋጨም። እኔ እንዲቀነሱ ከሚፈልጉት ወገን አይደለሁም፤ ምክንያቴ ግን ከሌሎቹ ትንሽ ይለያል። ለአዲስ አበባው ልጅ እነዚህ ፊደላት በቃል የሚሸመደዱ ሸክም ናቸው። ዐረብኛ ለሚቀራ ልጅ ግን ትርጉም አላቸው። «ሕይወት» በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈው ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐያት በየትኛዋ ሓ ነው የምትጻፈው ብሎ መመለስ ይቻላል። «ዐይን» እና የዐረብኛው ዐይን አንድ ናቸው። «ኀሙስ» እና ኸሚስ፣ «ዐሥር» እና ዐሽር ዘመዳሞች ናቸው። «ጸሎት» በ«ጸ» ይጻፋል፤ ሶላት በሷድ ነውና። «ፀሐይ» ግን በ«ፀ» ነው፤ የረፋድ ሶላታችን ስሙን ያገኘበት ዱሓ በዷድና በሓ እንደሚጻፍ ሁሉ። ይህ ግጥምጥሞሽ አይደለም። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ ግንድ የተቀዱ በመሆናቸው፣ በአማርኛ አፍ ላይ የጠፋው ልዩነት በፊደሉ ተቀብሮ ቆይቷል፤ በዐረብኛ ደግሞ እስከ ዛሬ በአፍ ይነገራል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ የነጃሺ ነው። የነቢዩን ሶሓቦች ተቀብሎ ያስጠለለውን ፍትሐዊ ንጉሥ የማያውቅ ሙስሊም ልጅ የለም። ስሙ በዐረብኛ በሺን ይጻፋል። ቃሉ የግዕዙ «ነጋሢ» ነው፤ በንጉሡ «ሠ»። «ገ» ጂም ሆናለች፣ «ሠ» ሺን ሆናለች። ንጉሥ፣ ነገሠ፣ መንግሥት ሁሉም በዚያችው «ሠ» የሚጻፉ መሆናቸውን አንድ ልጅ ከዚህ በኋላ ይረሳል ብዬ አላምንም። እርግጥ ነው፣ ይህ መንገድ ሁልጊዜ አያዋጣም። በልማድ የተዘበራረቁ ቃላት አሉ፤ መዝገበ ቃላቱም ሁልጊዜ አይስማሙም። ለሰባት ዓመት ልጅም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጫን አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ህይወት» ብሎ ቢጽፍ ተነባቢ ነው፤ ይታለፍ። በዐሥር ዓመቱ ግን ምክንያቱን ቢያውቅ ደስ ይለዋል።

ስለ ስም ካነሣን፣ የገዛ ስማችንን አጻጻፍ ብንመለከት ምን እናገኛለን? መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ፤ ሐሰን፣ ሀሰን፣ ሃሰን። ወንድማማቾች በሁለት አጻጻፍ የተመዘገቡበትን ሰነድ ያላየ በመካከላችን ጥቂት ነው። ወደ ላቲን ሲገለበጥና ከዚያ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ፣ ዐይኗ አሊፍ ሆና፣ ሓዋ ሃ ሆና ትወጣለች። ፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ ሳይገጣጠሙ ቀርተው በየመሥሪያ ቤቱ የተንከራተተ አባት ፊደል ነፍስ ያለው ነገር መሆኑን በደንብ ተምሯል። ስለዚህ ማንኛውም ልጅ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ቃል የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱና የእናቱ ስም ነው እላለሁ። ሀሁን ከዚያ በኋላ ማምጣት ይቻላል።

ጥቂት ልበልና ወደ ሌላው ልሂድ፤ አዋቂዎችም ቢሆኑ የሚሳሳቱት አለና። «እመጣለሁ» የሚለውን «እመጣለው» ብለው የሚጽፉ በየስልኩ ሞልተዋል። በአፍ ሲነገር ልዩነቱ እየደበዘዘ ስለመጣ ነው። ልጁን «እኔ ስሆን በ‘ሁ’ እጨርሳለሁ» ብሎ ማስተማር አንድ ደቂቃ ይወስዳል። «መጣሁ፣ በላሁ፣ ቀራሁ» ሲል «ሁ»ን በግልጽ ይሰማታል፤ «እመጣለሁ» ውስጥም ያችው «ሁ» መሆኗን ካየ ጨረሰ። «ቋንቋ»ን «ቁዋንቁዋ»፣ «ጓደኛ»ን «ጉዋደኛ» ብሎ ቢጽፍ ግን አልቆጣም፤ ጆሮው ትክክል ነው፣ የጎደለው አንድ ፊደል ማወቅ ብቻ ነው። በላቲን ሲጻፍ ወደ ፊደል የሚቀይሩ የስልክ መጻፊያዎች ደግሞ ይህን ሁሉ ከልጁ ላይ ያነሡታል፤ ይጽፋል እንጂ ፊደሉን አይመርጥም። ለአዋቂ ጥሩ ናቸው፤ ለተማሪ ግን እርሳስና ደብተር ይሻለዋል።

በአንዳንድ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ያለ፣ በግልጽ የማይነገር አንድ ስሜት አለ። ፊደሉ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የእኛ ልጅ ቁርአኑን ይያዝ የሚል። ይህ ስሜት ከምንም አልተነሣም፤ አያቶቻችን ፊደል የሚማሩበት ቦታ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ባልነበረበት ዘመን ኖረዋል። ይሁንና የወሎ ዑለማዎች በዚያ ዘመን እንኳ አማርኛን አልተዉም። ሸኽ ጦልሐ ጃዕፈርን የመሳሰሉት በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ፣ በአማርኛ ጽፈዋል። ሦስት ሐረካት ባሉት ጽሕፈት የአማርኛን ሰባት አናባቢዎች፣ ዐረብኛ የማያውቃቸውን «ጨ» እና «ጰ»ን ለማስፈር የደከሙት ሕዝባቸው ዲኑን በገዛ ቋንቋው እንዲረዳ ነው። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የቁርአንን የአማርኛ ትርጉም በግዕዝ ፊደል ለሕትመት አበቁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፊደሉ የቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የሚባልበት መሠረት የለም። በበድር ዘመቻ የተማረኩት የመካ ሰዎች የመዲናን ልጆች ጽሕፈት አስተምረው ነፃ መውጣታቸውን፣ ዘይድ ኢብን ሣቢትም በነቢዩ ትእዛዝ የባዕድን ጽሕፈት በጥቂት ቀናት መማሩን በየመድረሳው እናስተምራለን። የባዕዱ ጽሕፈት ለሶሓባ ካልከበደ፣ የእናት ቋንቋ ጽሕፈት ለልጆቻችን ያሳፍራልን?

ልጁ ይጨናነቃል የሚለው ስጋት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሦስት ጽሕፈት በአንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ በተለይም ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ። ዱባይም በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ፖሊሲ ዐረብኛ ከሕፃንነት ጀምሮ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት የግል ትምህርት ተቋማት እንዲሰጥ ወስናለች። ይህ ለእኛ ልጆች ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም፤ ከላይ እንዳልኩት አማርኛው የሚደገፍበት ምሰሶ ነው። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ዐረብኛውና እንግሊዝኛው መደላድል እስኪይዙ ድረስ አማርኛ በጆሮ ይሁን፤ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ መንዙማ። በሰባት ዓመት አካባቢ ጽሕፈቱ ይጀመር። ከቁርአን ትምህርት በኋላ ልጁ የፊደል ዐይን በተከፈተበት ሰዓት ዐሥራ አምስት ደቂቃ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በቃል የተነገረውን የሚጽፍባቸው አምስት ቃላት፣ ከአምስቱ አንዱ አዲስ። ከዚህ በላይ አልጠይቅም።

በቤት ብቻ የማይቻል መሆኑንም ጎረቤቶቻችን አስተምረውናል። የሕንዷ የኬራላ ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2009 እ.ኤ.አ. ማላያላም ሚሽን የተባለውን ተቋም መሥርቶ፣ ከክልሉ ውጭ ለሚያድጉ ልጆች የማላያላም ትምህርት በደረጃ ይሰጣል። ደረጃዎቹ በአበባ ስም ተሰይመዋል፤ የመጀመሪያው ካኒኮና፣ የመጨረሻው ኒላኩሪንጂ ይባላል። ኒላኩሪንጂ በ12 ዓመት አንዴ የሚያብብ አበባ ነው። ልጆቹ በፈቃደኛ መምህራን ይማራሉ፣ ይፈተናሉ፣ ምስክር ወረቀት ይቀበላሉ፤ ዱባይም ሻርጃም ውስጥ። ጽሕፈታቸውም እንደ እኛ አናባቢውን ከፊደሉ ጋር የሚያጣብቅ ነው፤ ችግሩን ያውቁታል። የእኛ ማኅበረሰብ በቁጥር ከእነርሱ ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን አንድ የጋራ መማሪያ፣ አንድ የፈተና ወረቀት፣ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚቀበሉት አንድ ማስረጃ ማዘጋጀት ብዛት አይጠይቅም። ዱባይ የሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤታችንና የኮሚኒቲ ማኅበሮቻችን ከበዓል ዝግጅት ያለፈ ሥራ ከፈለጉ፣ ይኸውላቸው።

የተቀበለችን ሀገርም ለንባብ የምትሰጠው ስፍራ ከፍ ያለ ነው። 2016ን የንባብ ዓመት ብላ ሰይማ፣ በዚያው ዓመት የንባብ ሕግ አውጥታለች። ሻርጃ በ2019 የዓለም የመጽሐፍ መዲና ተብላለች፤ በየዓመቱም የልጆች የንባብ ፌስቲቫል ታካሂዳለች። በዚያ አዳራሽ መካከል የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ ማግኘት ቀላል ባይሆንም፣ በሩ የተዘጋ አይደለም። አሳታሚዎቻችን አንኳኩተው ቢሞክሩት መልካም ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ልጆቻቸውን ይዘው ስለሚኖሩት ነው። ሳትዋ ውስጥ፣ አጅማን ውስጥ፣ ሻርጃ ውስጥ ከሚኖሩት እኅቶቻችን ብዙዎቹ ግን ልጆቻቸውን ለእናቶቻቸው ትተው የመጡ ናቸው። እዚያ ያለው ልጅ ፊደሉን በትምህርት ቤት ይማራል እንበል። ይሁንና በ2010 እ.ኤ.አ. በሀገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ልጁ ክፍል ገብቷል ማለት ማንበብ ችሏል ማለት አይደለም፤ የሚልኩት ገንዘብ የደብተሩን ዋጋ ይከፍላል እንጂ ደብተሩ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አያሳይም። አያትየው ደግሞ አያነቡም ይሆናል፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ፊደል የቆጠረው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም፣ ያን ዕድል ያላገኘች ወይም አግኝታ የረሳች እናት ጥቂት አይደለችም።

እዚህ ላይ ስልኩ ይረዳል። ሐሙስ ማታ፣ ሥራ ሲቀል፣ እናት አምስት ቃላትን በድምፅ ትላክ፤ ልጁ በደብተሩ ይጻፋቸው፤ የጎረቤት ልጅ ወይም አጎቱ ፎቶ አንሥቶ ይመልስላት። እርሷ ራሷ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ብትሆን እንኳ «ትምህርት» ውስጥ «ህ» መኖሯን፣ «እወድሻለሁ» በ«ሁ» ማለቁን ከዚህ ጽሑፍ ላይ አይታ ማረም ትችላለች። በመጀመሪያው ሳምንት የራሱን ስም፣ የእርሷን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የሰፈሩን ስም ታጽፈው። አምስተኛውን ቃል እርሱ ይምረጥ።